ለልጆቻችሁ ውሻ ልታመጡ ነው? ከፎቶው በፊት ግቢያችሁን እዩ

ውሻ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚልክልኝ ፎቶ ነው። ሰማያዊ ዓይን ያለው ሃስኪ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የቆመ ጀርመን ሸፐርድ፣ ሶፋ ላይ የተኛ ነጭ ፑድል። ሁሉም ያምራሉ። እኔ ግን ስለ ውሻው ከማውራቴ በፊት የምጠይቀው ስለ ቤቱ ነው። አጥሩ ምን ያህል ይረዝማል? ቀን ቤት ማን ይውላል? ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ጾም ሲገባ ውሻው ምን ይበላል? ማታስ የት ያድራል? ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ካላችሁ ዝርያ መምረጥ አይከብዳችሁም። መልስ ከሌላችሁ ግን የምታመጡት ውሻ ዓመት ሳይሞላው ሰንሰለት ላይ ይውላል፣ ልጆቹ ይሸሹታል፣ መጨረሻ ላይ "የሚወስደው ሰው ፈልጉልኝ" ይባላል። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ስንቱን እንዲህ ሆኖ አይቼዋለሁ፣ ሁሌም ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ አየሩ

የጎጃም አየር እንደየቦታው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። እንጅባራና ጮቄ ተራራ ሥር ያሉት ከተሞች ደግሞ ሐምሌ ላይ ብርዱም ዝናቡም ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ አዲስ አበባ ዘመዳችሁ ቤት ደልቶት ያያችሁት ውሻ እናንተም ጋ ይደላዋል ማለት አይደለም።

ሃስኪን እንውሰድ። የዚህ ውሻ ዘር የተመረጠው ሳይቤሪያ ውስጥ በበረዶ ላይ ጭነት እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ነው። ፀጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ረዘም ያለ፣ ከሥር ደግሞ ድፍን ያለ ብርድ መከላከያ። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ እኩለ ቀን፣ ያለው ጥላ የጋለ ቆርቆሮ ብቻ በሆነበት ግቢ ውስጥ ሲያለከልክ መዋል ለእሱ ስቃይ ነው። ፀጉሩን እንላጨው የሚሉ አሉ፣ አታድርጉት። ቆዳውን ለፀሐይ ታጋልጡታላችሁ፣ ፀጉሩም እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ቀዝቀዝ ያለ ከተማ ብትኖሩ እንኳ ሃስኪ ካልሮጠ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አጥር ይዘላል፣ የጎረቤት ዶሮ ይፈጃል። ውሻ አሳድጎ ለማያውቅ ቤተሰብ ሃስኪን አልመክርም።

አፍንጫቸው ጨፍለቅ ያሉትም፣ ማለትም ፐግ፣ ቡልዶግና ፔኪንጊዝ፣ ሙቀት አይችሉም። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። የአየር መተላለፊያው ጠባብ የሆነ ውሻ ደግሞ እንደ ልቡ ማለክለክ አይችልም። ቆላ ለሚኖር፣ ወደ ዓባይ በረሃ ለቀረበ ሰው እነዚህ ጭራሽ አይታሰቡም።

ሰው በብዛት የሚፈልጋቸው

"የፈረንጅ ውሻ" ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ጀርመን ሸፐርድ ነው። እንደ ዝርያ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1899 ጀርመን ውስጥ ሲሆን ሥራውም በግ መጠበቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲያሰባስብ እንዲውል የተመረጠ ስለሆነ ዛሬም ሥራ ይፈልጋል። ጠዋትና ማታ ይዞት የሚወጣ፣ ትእዛዝ የሚያስተምረው፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከልጆች ጋር በፍቅር የሚያድግ ብልህ ውሻ ነው። ታስሮ የሚውል ከሆነ ግን እንግዳውንም ዘመዱንም መናከስ ይጀምራል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ስለሚደርስ የ5 ዓመት ልጅን በጨዋታ መሃል ገፍቶ ሊጥል ይችላል። ሌላው ጣጣው ዳሌው ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይተላለፋል፣ ስለዚህ ቡችላውን ከማየታችሁ በፊት እናቱን አስነሥታችሁ ስትራመድ እዩዋት። ከኋላ የምትወላገድ ወይም ስትነሣ የምትቸገር ከሆነ ልጇን ተዉት።

"ጆሮው ስለቆመ ኦርጂናል ነው፣ ስላልቆመ ክልስ ነው" የሚባለውንም አትመኑ። የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ በ2 ወሩ ጆሮው የወደቀ ቢሆን ያለ ነገር ነው። ብዙዎቹ እስከ 4 ወይም 5 ወራቸው ድረስ ቀስ በቀስ ነው የሚቆምላቸው።

ከፈረንጆቹ ውስጥ ለልጆች የሚሆን አንድ ጥራ ብትሉኝ ላብራዶርን እጠራለሁ። ሰው ይወዳል፣ ቶሎ ይማራል፣ የልጅ ጫጫታ አያስደነግጠውም። ጠባቂ ይሆነናል ብላችሁ ግን እንዳትገዙት፤ የማያውቀውንም ሰው ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበለው። ደግሞ ሆዳም ነው። ልጆቹ ከየሳህናቸው እያነሡ ካጎረሱት ቶሎ ይወፍራል፣ ውፍረቱም መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። ውሃ ነፍሱ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ጣና ዳር ስታወጡት ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ አትርሱ፣ ከገመዱ አትፍቱት።

ሮትዋይለርና ካውኬዥያን ትንንሽ ልጆች ላሉበትና ለጀማሪ ቤት አይሆኑም። ካውኬዥያን ተራራ ላይ ከብት ከተኩላ ሲጠብቅ የኖረ፣ 50 ኪሎ የሚያልፍ፣ ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ የሚወስን ውሻ ነው። የልጆቻችሁ ጓደኞች ሲገቡ ሲወጡ በሚውሉበት ግቢ ይሄ ጠባይ አደጋ ነው።

ትናንሾቹ፣ ማልቲዝ፣ ሺትዙና ፑድል፣ ለኮንዶሚኒየምና ለኪራይ ቤት ይመቻሉ። ምግብም አይፈጁም። ፀጉራቸው ግን በየቀኑ ማበጠሪያ ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ይዞ ከተድበለበለ ከሥሩ ቆዳው ይቆስላል። ከልጅ እጅ የወደቀ ትንሽ ቡችላ እግሩ በቀላሉ ይሰበራል፣ ስለዚህ ልጆቹ መሬት ቁጭ ብለው ነው እንጂ ቆመው አይያዙት።

የሀገር ውሻ

"ዝርያ የለውም" እየተባለ የሚናቀው የሀገራችን ውሻ ለአብዛኛው የጎጃም ቤተሰብ ከሁሉም የተሻለ ምርጫ ነው ባይ ነኝ። ቁመቱ መካከለኛ፣ ፀጉሩ አጭር፣ አየሩን የለመደ ነው። ምግቡ ትንሽ ነው። ኮሽታ ሲሰማ ይነቃል። ሰው ይናከሳል፣ ዱር ነው የሚሉ አሉ። በድንጋይ ሲባረር ያደገ ውሻ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል? ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያየውን ነገር ሁሉ እንደ ቤቱ ዕቃ ነው የሚለምደው። በዚያ ጊዜ የልጅ እጅ፣ የእንግዳ ድምፅ፣ የባጃጅ ጩኸት፣ የበግና የዶሮ ሽታ ከለመደ ሲያድግ ጨዋ ይሆናል።

ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ እናቱን ማወቃችሁ ነው። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ እናትየው ልጆች ሲቀርቧት ምን እንደምትሆን ለዓመታት አይታችኋል፣ ማንም ሻጭ ይሄን ዋስትና አይሰጣችሁም። ችግሩ ሁሉም ሰው ወንድ ነው የሚፈልገው። ውሻዋ የወለደችላትን ጎረቤት ብትጠይቁ የምትሰሙት ይሄን ነው፦

"እትዬ፣ ከቡችሎቹ አንድ ልወስድ ነበር።"

"ውሰጅ ልጄ። ወንዶቹ አልቀዋል እንጂ ሴቶቹንማ ማን ይፈልጋቸዋል?"

እኔ እፈልጋቸዋለሁ። ሴቷ ብዙ ጊዜ ከወንዱ ትንሽ ታንሳለች፣ ግቢዋን ጥላ አትዞርም። ሰው የሚፈራው በየ6 ወሩ ገደማ ወንድ ስትፈልግ ደጅ ላይ የሚሰበሰበውን የውሻ መንጋና ከዚያ የሚመጣውን ቡችላ ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው። ግን መፍትሔ አለው፤ የእንስሳት ሐኪም እንዳትወልድ ሊያመክናት ይችላል። በከተማችሁ ይሄን የሚሠራ ሐኪም መኖሩን ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ። ከሌለ በእነዚያ 3 ሳምንታት ገደማ የምትዘጉባት ክፍል ይኑራችሁ። ሴት ቡችሎች በማዳበሪያ ተደርገው ወንዝ ዳር የሚጣሉት የሚወስዳቸው ስለሚጠፋ ነው፣ ስለዚህ አንዷን ብታነሡ ለእሷ ሕይወት ነው።

ቡችላውን እጃችሁ ላይ ስታደርጉት

ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አትለዩት። ሻጩ "2 ወር ሞልቶታል" ካላችሁ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ጥርሱን እዩ። በ8 ሳምንቱ ቡችላ እንደ መርፌ የሾሉ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። ከኋላ ገና ያልበቀለ ባዶ ድድ ካያችሁ ዕድሜው ተጋንኖ ነው የተነገራችሁ። የፊት ጥርሱ መርገፍ ጀምሮ ትልልቅ ጥርስ እየወጣ ከሆነ ደግሞ ወደ 4 ወር ተጠግቷል። ድዱ ሮዝ ይሁን፤ ከነጣ ደም አንሶታል፣ ብዙ ጊዜም ከትል ወይም ከቁንጫ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎድኑ ከታየ የሆድ ትል አለበት። ጭራውን አንሥታችሁ ተቅማጥ መኖር አለመኖሩን እዩ። ዓይኑና አፍንጫው ንፁህ ይሁን።

ከዚያ ጠባዩን። ሁሉንም መሬት ላይ ልቀቋቸውና ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁልፍ ጣሉ። አንዱ ሮጦ ሄዶ ይነክሰዋል፣ ሌላው ጥግ ገብቶ አይወጣም። ልጆች ላሉበት ቤት የምትፈልጉት ደንገጥ ብሎ ቆሞ፣ አይቶ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ነው። ይሄን ለማየት አትቸኩሉ፣ ከተቻለ በሌላ ቀንም ተመልሳችሁ እዩት።

ምግቡን ቀድማችሁ አስቡ

የቤት ትራፊ ይበቃዋል የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ወጣችን በሽንኩርት የተሞላ ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳሉ። አንድ ቀን ቀምሶ ላይታወቅበት ይችላል፣ በየቀኑ የወጥ ፍትፍት የሚበላ ግን ይጎዳል። ለፋሲካ የተረፈውን የዶሮ አጥንት አትስጡት፤ የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ይሾላል፣ አንጀት ይወጋል። በግ ስታርዱ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩት፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ያ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጃችሁ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያወጣል። የትል መድኃኒት ቢያንስ በየ3 ወሩ ስጡት።

ጾሙስ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ላይ ቡችላ በእንጀራ ብቻ አያድግም። የተቀቀለ እንቁላል፣ አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ፣ ወይም ደረቅ የውሻ ምግብ ከወዲሁ አስቡለት። 35 ኪሎ የሚሆን ውሻ ልታሳድጉ ከሆነ ይሄ ወጪ ለ10 ዓመት ገደማ የሚቀጥል ነው፣ ሒሳቡን አሁን ሥሩት።

ክትባቱ ላይ ድርድር የለም

ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመራል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጠዋል፣ ዓመቱ ላይ ይደገማል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚለው ጊዜ። የሀገር ውሻም፣ የፈረንጁም፣ ግቢ የማይለቀውም እኩል ያስፈልገዋል። ልጃችሁን የትኛውም ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጸበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን፣ አደራ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ማደሪያውንም ውሻው ከመምጣቱ በፊት ጨርሱ። ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ታስሮ ደጅ ያደረ ውሻ ማምለጫ የለውም፤ በሩ የሚዘጋ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ይሠራለት። ቡችላ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እናቱን ፈልጎ ያለቅሳል፣ አትቆጡት። የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ ይዛችሁ መጥታችሁ ሳጥኑ ውስጥ አንጥፉለት፣ ቤት ውስጥ ሰው አጠገብ ይደር። ልጆቹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ልመዱ በሏቸው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ከየትኛውም ውሻ ጋር፣ አብሮት ካደገውም ጋር ቢሆን፣ ያለ ትልቅ ሰው ብቻውን አይተው።