አምፕሊፋየርና ስፒከር ሲያጣምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት የጥገና ክፍል ከሚመጡልኝ የተቃጠሉ የቤት ስፒከሮች መካከል ብዙዎቹን ያቃጠላቸው ጉልበተኛ አምፕሊፋየር ሳይሆን ደካማው ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው፤ «ስፒከሩ 100 ዋት ይችላል፣ አምፕሊፋየሩ ግን 25 ዋት ብቻ ነው፤ እንዴት ሊያቃጥለው ይችላል?» ይሉኛል። ባለ 25 ዋቱ ከአቅሙ በላይ እንዲጮህ ሲገደድ የድምፁ ሞገድ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠው ሞገድ ከተጻፈው ዋት እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ከመያዙም በላይ በዘፈኑ ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆችን ይፈጥራል፤ እነርሱም በቀጥታ የሚሄዱት ቀጭን ድምፅ ወደሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ ወደ ትዊተሩ ነው። የትዊተር ኮይል ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። በገና ሰሞን አንድ ወጣት ያመጣልኝን ስፒከር ስፈታው ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈር ምንም አልሆነም፤ የትዊተሩ ኮይል ግን ከስሎና ተበጥሶ ስለነበር የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ቴስተሩ፣ ምንም አላነበበም። እባክዎ፣ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ቮልዩሙን ወዲያውኑ ይቀንሱ።

ሁለተኛው ስህተት በአንድ የአምፕሊፋየር መውጫ ላይ የሳሎኑንም የመኝታ ቤቱንም ስፒከር ጎን ለጎን መቀጠል ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚገታበት መጠን መለኪያ ነው) ስፒከሮች እንዲህ ሲገናኙ 4 ኦም፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው ከረንት ስለሚጨምር ከመጠን በላይ ይግላል። ሥራ ስጀምር እኔም ይህንኑ አድርጌ የአንድ ደንበኛን አምፕሊፋየር ፓወር ትራንዚስተሮች አቃጥያለሁ፤ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ተካሁለት፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም ሳያነቡ አይቀጥሉ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6 ገደማ ቢያነብ ግን ጤነኛ ነው።

ዋት ብቻ አይቶ መግዛትም ያሳስታል፤ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) የሚሰጥ ስፒከር 87 ዴሲቤል ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ የሚፈልገው የኃይሉን ግማሽ ነው።

ቀይና ጥቁሩን ሽቦ ማሳሳትስ? አራት ኪሎ የሚኖሩ አንድ አባት ቤዙ ጠፋብኝ ብለው ሌላ አምፕሊፋየር ሊገዙ ሲሉ ቤታቸው ሄጄ ተገላብጠው የተቀጠሉትን የግራውን ስፒከር ሽቦዎች ብቻ ወደየቦታቸው መለስኩ፤ ቤዙም በዚያው ቅጽበት ተመለሰ።