የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ታሪክ አልገጥም ሲል፦ ችግሩና መፍትሔው

የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና፣ ማለትም የኤን ሲ ኤ ኤ (የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር) ውድድር፣ ከ1939 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። የውድድሩን ታሪክ በአማርኛ ለማሰናዳት የሚነሳ ሰው ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ይገጥሙታል። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዱ ዝርዝር የ2013 ሻምፒዮን ሉዊቪል ነው ይላል፤ ሌላው ቦታውን ባዶ ይተወዋል

ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሉዊቪል በፍጻሜው ሚሺጋንን 82 ለ 76 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል፤ በ2018 ግን ድሉ ተሻረ። ስህተቱ የሚመጣው መሻርን ከፎርፌ ጋር ስናምታታ ነው። በፎርፌ ድሉ ለተጋጣሚው ይሰጣል። የተሻረ ድል ግን ለማንም አይተላለፍም፤ ሚሺጋን ሻምፒዮን አልተባለም፣ ሽንፈቱም አልተፋቀለትም። ስለዚህ «ሚሺጋን በፎርፌ ሻምፒዮን ሆነ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ያለማመንታት አርሙት።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ሜዳ ላይ ለሆነው፣ ሌላው በማኅበሩ መዝገብ ለጸናው። «ሉዊቪል 82፣ ሚሺጋን 76፤ ድሉ በ2018 ተሽሯል» ብላችሁ ጻፉ። በብዙ ሺህ ሰው ፊት የተደረገን ጨዋታ እንዳልተደረገ አድርጎ መደምሰስ ታሪክ መጻፍ አይደለም። የ1971ዱን ቪላኖቫ፣ የ1980ውን ዩ ሲ ኤል ኤ እና የ2008ቱን ሜምፊስ ሁለተኛነትም በዚሁ መንገድ መዝግቡ፤ ሦስቱም ተሽረዋል።

የጨዋታዎቹ ድምር አልገጠመም

በጥሎ ማለፍ ከሻምፒዮኑ በቀር እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጊዜ ተሸንፎ ይወጣል። ስለዚህ የጨዋታው ብዛት ከቡድኖቹ ብዛት በአንድ ያነሰ ነው፤ 68 ቡድን ካለ 67 ጨዋታ። ድምሩ ከዚህ ከበለጠ የደረጃ ጨዋታ መኖሩን ተመልከቱ፤ ከ1946 እስከ 1981 ለሦስተኛ ደረጃ ይጫወቱ ነበር። ካነሰ ደግሞ የተሰረዘ ጨዋታ ፈልጉ። በ2021 የተደረጉት 66 ብቻ ናቸው፤ ቪ ሲ ዩ በኮቪድ ምክንያት ከኦሪገን ጋር ሳይጫወት ቀርቷል። ኦሪገን ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ እንጂ አሸነፈ ተብሎ አይመዘገብም። በ2020 ውድድሩ ጭራሽ አልተካሄደም።

«ሁለተኛው ዙር» በየዓመቱ የተለያየ ነገር ሆነ

ከ2011 እስከ 2015፣ 68ቱን ቡድኖች ወደ 64 የሚያወርዱት የመክፈቻ አራት ጨዋታዎች «አንደኛ ዙር» ተብለው ስለነበር ነው። ዙሩን በቀሩት ቡድኖች ብዛት ጥሩት፦ 64፣ 32፣ 16።

የቀድሞ ሻምፒዮን ስሙ ጠፋ

ትምህርት ቤቱ ስሙን ቀይሯል። የ1945 እና የ1946 አሸናፊ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ነው። የዘመኑን ስም አስቀድሙ፣ የአሁኑን አስከትሉ።

ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ዓመቱ ተዛነፈ

ሰባት የመቀነስ ልማድ ነው። ፍጻሜው የሚውለው በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ስለሆነ የሚቀነሰው ስምንት ነው። ቴክሳስ ዌስተርን ኬንታኪን 72 ለ 65 ያሸነፈበት ማርች 19 ቀን 1966፣ መጋቢት 10 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በእነርሱ ዘንድ «1965–66» ተብሎ የሚጻፈው የውድድር ዘመን በእኛ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ በ1958 ውስጥ ስለሚያርፍ አንዱን ዓመት ብቻ መጻፍ ይበቃል።