ለፒኤምፒ ፈተና ስትዘጋጁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ፒኤምፒን፣ ማለትም ፒኤምአይ የተባለው የፕሮጀክት ሥራ አመራር ተቋም የሚሰጠውን የሙያ ማረጋገጫ ፈተና፣ የሚወድቀው ያላጠና ሰው ብቻ አይደለም። ወራት ሙሉ ያጠኑ፣ ደብተር የሞሉ፣ ያላዩት ቪዲዮ የሌለ ሰዎችም ይወድቃሉ። ያ ደግሞ ያማል፤ ከእንቅልፍና ከቤተሰብ ሰዓት ተቀንሶ የተጠና ነውና። ብዙ ጊዜ የጎደለው ትጋት ሳይሆን አጠናኑ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው አንድ ነገር፣ የተጠናው ሌላ ነገር ይሆናል።

ሽምደዳ

የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስድስተኛው የፒምቦክ (የፒኤምአይ የፕሮጀክት ሥራ አመራር መመሪያ መጽሐፍ) እትም የፕሮጀክት ሥራ አመራርን በ10 የዕውቀት ዘርፎችና በ49 ሂደቶች ከፋፍሎ ስላስቀመጠ፣ ብዙ ሰው ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የእያንዳንዱን ሂደት ግብዓትና ውጤት በቃሉ ለመያዝ ይታገል ነበር። ሂደቶቹን ማወቅ አሁንም ይጠቅማል። ፈተናው ግን በአብዛኛው ታሪክ ነግሮ ነው የሚጠይቃችሁ። ለምሳሌ፦ ሁለት የቡድን አባላት ተጋጭተዋል፣ ሥራው እየዘገየ ነው፣ ደንበኛው ቅሬታ ልኳል፤ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ምን ያድርግ? ለስፖንሰሩ (ፕሮጀክቱን ለሚደግፈው የበላይ ኃላፊ) ያሳውቅ? የጊዜ ሰሌዳውን ያስተካክል? አንዱን አባል ይቀይር? ወይስ ሁለቱን አነጋግሮ የጸባቸውን መነሻ ይረዳ? አራቱም ያስኬዳሉ። «መጀመሪያ» የምትለውን ቃል ልብ ያለ ሰው ግን የመጨረሻውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ችግሩን ሳይረዱ መፍትሔ መስጠት አይቻልም፣ በራስ አቅም የሚፈታ ነገርም ወደ አለቃ አይወሰድም። ዋናው ጥናት ይህን አስተሳሰብ መልመድ ነው።

«እኔ በሥራዬ እንዲህ ነው የማደርገው»

ይህ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ነው የሚጥለው። በሥራ ቦታ ደንበኛው ደውሎ «ይችን ብቻ ጨምሩልኝ» ሲል ብዙዎቻችን እሺ ብለን እንሠራለን። ፈተናው ላይ እሺ ብሎ መሥራት ስህተት ነው። ዕቅዱ ቀድሞ ተሟልቶ በሚሠራ ፕሮጀክት ከሆነ፣ ለውጡ በጊዜ፣ በወጪና በጥራት ላይ የሚያመጣውን ተጽዕኖ ታጠናላችሁ፤ ከዚያ በለውጥ ቁጥጥር ሂደት ያልፋል። በአጃይል (ሥራው በአጫጭር ዙሮች እየተሠራ ዕቅዱ በሚስተካከልበት መንገድ) ከሆነ ጥያቄው ባክሎግ (የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ ይገባና ቅደም ተከተሉን ፕሮዳክት ኦውነሩ (የምርቱ ኃላፊ) ይወስናል። ደንበኛው አንድ፣ ጥያቄው አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት። ስለዚህ ጥያቄ ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት «ፕሮጀክቱ የሚሠራው በየትኛው መንገድ ነው?» የሚለውን ይሁን። አንዳንዴ ፍንጩ «ስፕሪንት» (የአጃይል አጭር የሥራ ዙር) የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት።

አጃይልን ለመጨረሻው ሳምንት መተው

እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው የፈተና ይዘት ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ የአጃይል ወይም የሃይብሪድ (የሁለቱ መንገዶች ቅይጥ) ናቸው። ግማሽ! ስፕሪንት ሲያልቅ ከሚደረጉት ሁለት ስብሰባዎች፣ ስፕሪንት ሪቪው ላይ የሚታየው ምርቱ፣ ሬትሮስፔክቲቭ ላይ የሚታየው የቡድኑ አሠራር መሆኑን ሳይለዩ መግባት ነጥብ በነጻ መስጠት ነው።

የጥያቄ ብዛት መቁጠር

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ዛሬ 200 ጥያቄ ሠራሁ» ይባላል። ጥሩ፣ ግን የተሳሳታችኋቸውን ምን አደረጋችኋቸው? ውጤቱን አይቶ ማብራሪያውን በዓይን ገረፍ አድርጎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ጥናት አይደለም። አንድ ደብተር ያዙና እያንዳንዱን ስህተት ከምክንያቱ ጋር ጻፉ። ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ነገሩን አላውቀውም፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም፣ ወይም እንደለመድኩት መለስኩ። መድኃኒታቸው ይለያያል። ለመጀመሪያው ንባብ፣ ለሁለተኛው ረጋ ማለት፣ ለሦስተኛው ደግሞ ትክክለኛው መልስ ለምን እንደሚሻል ለራስ ጮክ ብሎ ማስረዳት። በግምት ያገኛችሁትንም ጻፉ፤ በዕድል የተገኘ መልስ ዕውቀት አይደለም። ሃምሳ ጥያቄ እንዲህ አድርጎ መሥራት 200ውን ከመጋለብ ይበልጣል፣ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

አንድ ሞዴል ፈተና ደጋግሞ ሠርቶ በሁለተኛው ዙር 85 በመቶ በማምጣት መጽናናትም አለ። ያ የማስታወስ ውጤት ነው። ተሰረቁ የሚባሉ ጥያቄዎችን መግዛትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ሥነ ምግባር ለሚጠይቅ ሙያ በማጭበርበር መግባት ነው።

ሰዓቱን አለመለማመድ

በ2021ዱ አቀራረብ 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ይሠራል። ለአንዱ 77 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። 5ቱ ጥያቄዎች ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ ነጥብ የላቸውም፣ ግን የትኞቹ እንደሆኑ ስለማታውቁ ሁሉንም በእኩል ትሠራላችሁ። ከ60ኛውና ከ120ኛው ጥያቄ በኋላ የ10 ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ ዕረፍት ከወጣችሁ በኋላ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ክፍል ማስተካከል አይቻልም። ይህን ፈተናው ላይ ከተቀመጡ በኋላ የሚሰሙ ሰዎች ይደነግጣሉ። ሃያ ሃያ ጥያቄ እየሠሩ የከረሙ ደግሞ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ዓይናቸው ያነባል፣ አእምሯቸው አይቀበልም። ቢያንስ ሁለቴ ስልክ አጥፍታችሁ ሙሉውን በአንድ መቀመጫ ሥሩ።

ቀመሮች? ስሌት ብዙ አይመጣም። የተሠራውን ሥራ ዋጋ ለወጣው ወጪ ስታካፍሉ ውጤቱ ከ1 ካነሰ ከበጀት በላይ እየወጣ መሆኑን ካወቃችሁ፣ የቁጥሩ ትርጉም ገብቷችኋል።

ያረጀ ማቴሪያል

ጓደኛ የሰጣችሁ የድሮ ፒዲኤፍ ውለታ ቢሆንም ቀኑን እዩት። ፒኤምአይ ይዘቱን ይቀያይራል። እ.ኤ.አ. ለጁላይ 2026 ባስታወቀው አዲስ ይዘት የቢዝነስ ከባቢ (ፕሮጀክቱን ከድርጅቱ ግብና ከውጭ ሁኔታ ጋር የሚያያይዘው የፈተናው ዘርፍ) ድርሻ ከ8 ወደ 26 በመቶ ከፍ ብሏል። ፈተናችሁ በሚውልበት ቀን የሚሠራበትን የይዘት ዝርዝር ከፒኤምአይ ድረ ገጽ በነጻ አውርዱና ጥናታችሁን በእሱ ልክ ሥሩ።

ማመልከቻውን እንደ ተራ ፎርም ማየት

የ4 ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠየቃል፤ በዚያ ላይ 35 ሰዓት ሥልጠና። የሥራ መደባችሁን ስም ብቻ አትጻፉ። ዓላማው ምን ነበር፣ እናንተ ምን መራችሁ፣ ምን ተገኘ፣ እሱን ጻፉ። አንዳንድ ማመልከቻዎች ለኦዲት በዕጣ ይመረጣሉ፤ የቀድሞ አለቆቻችሁ እንዲያረጋግጡላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ አንድ ዓመት አላችሁ፣ በዚያ ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መፈተን ይቻላል። «ሲደርስ እይዛለሁ» ብሎ ቀን ሳይቆርጡ መክረም ግን ዓመቱን ይበላዋል።

ወድቆ ከዜሮ መጀመር

የማለፊያ ነጥቡ በይፋ አይነገርም። የሚሰጣችሁ ሪፖርት በየዘርፉ ከዒላማ በላይ፣ በዒላማው፣ ከዒላማ በታች ወይም መሻሻል የሚገባው ብሎ ደረጃችሁን ያሳያል። የወደቀ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይህን ወረቀት ይዘጋና ከመጽሐፉ ገጽ አንድ ይጀምራል። አትዝጉት። ከዒላማ በታች የሆናችሁበትን ዘርፍ ከስህተት ደብተራችሁ ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱ ላይ ተደጋግሞ ከሚወጣው ርዕስ ጀምሩ።