የወረደ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲዲ ላይ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጅማ መርካቶ አቅራቢያ ወደምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል መጡ። ዝናቡ እንዳይነካቸው በፌስታል የጠቀለሏቸውን አራት ሲዲዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ላይ የምጭነውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጎረቤት ልጅ ነው የጻፈልኝ። ኮምፒውተሬ ግን አንዱንም አልቀበልም አለ። ሲዲው ርካሽ ስለሆነ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

«እስቲ እንየው ጋሼ» አልኳቸውና የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ውስጡ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ስሙ በአይኤስኦ ያልቃል፣ መጠኑ ከ600 ሜጋባይት በላይ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው ናቸው። አራተኛው ለየት ይላል፤ እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ። ችግሩ ግን የሲዲዎቹ ርካሽነት አልነበረም።

የመጀመሪያውና በብዛት የማየው ስህተት ይኸው ነው፦ አይኤስኦውን እንደ ፎቶ ወይም እንደ ዘፈን ሲዲው ላይ መገልበጥ። አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ዲስክ ምስል ነው። በውስጡ ፋይሎቹ ብቻ ሳይሆኑ አቀማመጣቸውና ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚፈልገው የማስነሻ መረጃ ጭምር አሉ። ፋይሉን እንዳለ ሲዲው ላይ መገልበጥ እህሉን ከነጆንያው ምጣድ ላይ እንደ መጫን ነው። የሚያስፈልገው «የዲስክ ምስል ጻፍ» የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፋይሉን በቀኝ አዝራር ሲጫኑት ይህ ምርጫ ይመጣል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን በራሱ ይህን አያደርግም፤ እንደ ኢምግበርን ያለ ፕሮግራም መጫን አለበት። ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብራሴሮ ወይም ኬ3ቢ የሚባሉት ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ጽፈው ሲጨርሱ ሲዲውን ይክፈቱት፦ ብዙ ፎልደሮችና ፋይሎች ከታዩ መልካም ነው፣ ያ አንድ ፋይል ብቻውን ከታየ እንደገና ይጻፉ።

ወደ አራተኛው ሲዲ ልመለስ። እሱ ውስጥ ፎልደሮቹ ሁሉ ነበሩ፤ የጎረቤት ልጅ ነገሩ ገብቶት አርሞታል ለማለት ይቻል ነበር። ግን አይነሳም። ምክንያቱ ዊንራር ነው። ይህ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር አይኤስኦን እንደ ተጨመቀ ፋይል ሊከፍተው ይችላል። ልጁም ከፈተው፣ ይዘቱን አወጣው፣ ያወጣውን ሁሉ ሲዲው ላይ ገለበጠ። የማስነሻው መረጃ ግን ከፎልደሮቹ ዝርዝር ውጭ፣ ዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ለብቻው የሚቀመጥ ስለሆነ አብሮ አልወጣም። አሠራሩ ኤል ቶሪቶ ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮምፒውተሮች ከሲዲ የሚነሱት በእሱ ነው። ሁሉም ፋይል እያለ የማይነሳ ሲዲ ካጋጠመዎት መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ልጁ ብዙ ደክሟል፤ ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ስህተት ያወረዱትን ፋይል ሳያረጋግጡ መጻፍ ነው። ብዙ ሰው ፋይሉን ኢንተርኔት ቤት ወይም ግቢ ውስጥ አውርዶ በፍላሽ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ላይ ፋይሉ ሁለት ቦታ ሊጎዳ ይችላል። አንደኛ፣ ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ ማውረጃው «ተጠናቀቀ» ብሎ ጎዶሎ ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ የካፌው ሰዓት አልቆ ፍላሹን በችኮላ ሲነቅሉት የመጨረሻው ክፍል ሳይጻፍ ይቀራል። ስለዚህ መጠኑን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም።

አዘጋጆቹ ከፋይሉ ጎን ኤስኤችኤ 256 የሚባል፣ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያስቀምጣሉ። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት፣ ማለትም ትንሿ የመረጃ ቅንጣት፣ ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኤስኤችኤ 256 ሰም በሚባለው የራስዎን ፋይል መለያ ማውጣት ይቻላል። እኔ የድረ ገጹን መለያ ወረቀት ላይ ጽፌ ከስክሪኑ ጋር በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ከመጀመሪያው ስምንት፣ ከመጨረሻው ስምንት ከተገጣጠሙ፣ በማውረድ ወይም በመገልበጥ ለሚደርስ ጉዳት በቂ ማስረጃ ነው። ይህን ፍላሹ ላይ ሳይሆን ሲዲውን በሚጽፉበት ኮምፒውተር ላይ፣ ፋይሉን ከገለበጡ በኋላ ያድርጉት። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እባክዎ አይዝለሉት። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ከበለጠ ደግሞ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ፈጽሞ አይገለበጥም፤ ፍላሹ ውስጥ ባዶ ቦታ እያለ «አይበቃም» የሚልዎት ለዚህ ነው።

መጠንን አለማየትም አለ። ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ገደማ ነው። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው ኡቡንቱ እንኳን በጥቅምት 2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወጣው 12.10 እትሙ ጀምሮ ሲዲ ላይ አይገባም። ትልቁን ፋይል ዲቪዲ ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ በፊት ግን የሚጫንበት ኮምፒውተር ማንበቢያ ፊት ላይ የዲቪዲ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ።

ፍጥነትን ከፍተኛው ላይ ማድረግ ሌላው ነው። ባዶው ሲዲ ላይ 52 ስለተባለ በ52 መጻፍ ግዴታ አይደለም። በ16 ፍጥነት ሙሉ ሲዲ አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የደከመ ማንበቢያ ያለው አሮጌ ኮምፒውተርም በቀስታ የተጻፈውን በተሻለ ያነበዋል። በሚጽፉበት ጊዜ ፊልም አይክፈቱ፣ ሌላ ነገር አይገልብጡ፤ ሲጨርስ የጻፈውን እንዲፈትሽ «አረጋግጥ» የሚለውን ምርጫ አስቀድመው ያብሩ። የጅማ ዝናብ ከመብረቁ ጋር ሲጀምር ደግሞ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር መጻፍ አይጀምሩ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ መሃል ላይ መብራት ከሄደበት አልቆለታል።

ስለ አያያዝ አንዲት ነገር ብቻ ልበል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቃት ነው። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። የሲዲ መረጃ ያለው ግን ስም ከምንጽፍበት ከላይኛው ፊት ሥር፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተከልሎ ነው። ከታች 1.2 ሚሊሜትር የሚደርስ ፕላስቲክ ይጠብቀዋል፤ ከላይ ግን የእስክሪብቶ ጫፍ እንኳን ሊጎዳው ይችላል። ከመምህሩ ሲዲዎች አንዱ ላይ ስሙ በእስክሪብቶ ተጭኖ ተጽፎ ነበር፤ ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው በፊደሎቹ ቅርጽ ብርሃን ያሳልፋል። ለስላሳ ማርከር ይጠቀሙ።

ሲዲው በትክክል ተጽፎም ኮምፒውተሩ ከሃርድ ዲስኩ ከተነሳ ሲዲውን አይውቀሱት። ሲበራ የማስነሻ ዝርዝሩን ያውጡ፤ ቁልፉ ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው።

የመምህሩን ፋይል በትክክል ጽፌ፣ ከሲዲ እንዲነሳ አድርጌ ስሞክረው የመጨረሻው ስህተት ወጣ። ጥቁሩ ስክሪን 64 ቢት ፕሮሰሰር እንደሚፈልግ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። የእርሳቸው አሮጌ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ዋናው ማስሊያ) ግን የቀድሞው ዓይነት፣ 32 ቢት ነው፤ ለ64 ቢት የተዘጋጀውን ማስኬድ አይችልም። ኡቡንቱ ለ32 ቢት የዴስክቶፕ ምስል ማዘጋጀት ያቆመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ነው፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን ግን እስከ 12ኛው እትሙ ድረስ ለ32 ቢት መጫኛ ነበረው። እሱን አውርደን፣ መለያውን አስተያይተን፣ ዲቪዲ ላይ በዝግታ ጻፍነው። ጋሼ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው መነጽራቸውን ለበሱ። የመጫኛው የቋንቋ ዝርዝር ሲመጣ «አማርኛም አለ!» አሉና ራሳቸው መረጡት።