የኪዩብሳት ኮምፒውተር ለምን ያስቸግራል? ችግርና መፍትሄ

ጠረጴዛ ላይ አሪፍ የሚሠራ ቦርድ ህዋ ላይ ሲደርስ ለምን ይጠፋል? እዚህ የማወራው ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ስለሚጀምሩባት ትንሽ ኪዩብሳት፣ ማለትም ኪዩብ ቅርጽ ስላላት ትንሽ ሳተላይት ነው። ስፋቷም ቁመቷም 10 ሴንቲሜትር ነው።

ከጥላ ስትወጣ ባትሪዋ ባዶ ይሆናል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ስህተቱ የሚጀምረውም ቦርዱ የተመረጠ ዕለት ነው። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት ምድርን ለመዞር 92 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ከዚህ ውስጥ እስከ 36 ደቂቃ የሚሆነው በምድር ጥላ ውስጥ ያልፋል። ፀሐይ ባለበት ጊዜ ፓነሎቿ በአማካይ 2 ዋት ቢሰጡ፣ በአንድ ዙር የምታገኘው 1.9 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ራስበሪ ፓይ 4 የሚባለው ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር ግን ሥራ ሳይሰጠው እንኳ 3 ዋት ገደማ ይበላል። በዙር 4.6 ዋት-ሰዓት ማለት ነው፤ ከገቢዋ እጥፍ በላይ! ትልቅ ባትሪ ብትጨምሩም የሚሞላው ስለሌለ ትንሽ ዘግይቶ ያልቃል እንጂ አይተርፍም።

መፍትሄው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቀው እንደ ኤምኤስፒ430 ያለ ማይክሮኮንትሮለር (ቀላል ሥራ የሚሠራ ባለ አንድ ቺፕ ትንሽ ኮምፒውተር) ይሁን። ሲያንቀላፋ የሚወስደው ጥቂት ማይክሮአምፒር ነው። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበት ትልቁ ቦርድ ፎቶ ማንሳት ወይም ዳታ መጭመቅ ሲያስፈልግ ብቻ ይብራ። ሲጨርስ ኤሌክትሪኩ ከነጭራሹ ይቋረጥበት። ለዚህ ራስበሪ ፓይ ዜሮ ይበቃል። የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሠርተዋት በ2022 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ የተለቀቀችው ጋስፓክስ የምትባል ኪዩብሳት የያዘችው እሱን ነበር። ቦርድ ስትመርጡ ፍጥነቱን ተዉትና ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚበላውን ራሳችሁ በሜትር ለኩ።

ሬዲዮው ሲልክ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል

ሬዲዮው በአንዴ ብዙ ከረንት ሲስብ ቮልቴጁ ይወርዳል። ባትሪው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይብሳል። ለኮምፒውተሩ የራሱን ሬጉሌተር (ቮልቴጁን እኩል አድርጎ የሚያቆይ) ስጡት፣ ሬዲዮው አጠገብ ካፓሲተር (ቻርጅ አጠራቅሞ በፍጥነት የሚለቅ) ጨምሩ። እስከ 1.8 ቮልት ድረስ የሚሠራ ቺፕ ብትመርጡ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ሙከራውን ግን ባትሪው ቀዝቅዞ እያለ አድርጉት።

በቫኪዩም ውስጥ ቦርዱ ይግላል

ሙቀቱን የሚወስድ አየር ስለሌለ ነው። ቺፑን ከሳተላይቷ የብረት አካል ጋር አገናኙት፤ ሙቀቱ በዚያ ይውጣ።

ከረንቱ በድንገት ይጨምርና አልወርድ ይላል

የጨረር ቅንጣት ቺፑን መትቶ ላች-አፕ የሚባለውን ፈጥሯል። በሶፍትዌር ሪስታርት ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ ራሱ መቋረጥ አለበት፣ አለዚያ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። ከረንት ከገደቡ ሲያልፍ ወዲያው የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ በእያንዳንዱ ቦርድ መስመር ላይ አስገቡ። ጨረር የሚቋቋም ኮምፒውተር ለምን አንገዛም የሚል አይጠፋም። ማርስ ላይ ፐርሲቪራንስ የሚባለውን የናሳ ተሽከርካሪ የሚመራው ራድ750 እንዲህ ያለ ነው፤ ግን ቺፑ ብቻውን 5 ዋት ገደማ ይፈልጋል። 2 ዋት ያላት ሳተላይት ከየት ታመጣዋለች? እሷን የሚያዋጣት ርካሹን ቺፕ ይዞ ቶሎ የሚቆርጥ ጠባቂ ማቆም ነው።