በልቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ሄጃለሁ፦ ፕረዘንት ፐርፌክት የት ላይ ይበላሽብናል?

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ ስለማይሰማ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አበዛለሁ። ደጋግሜ የምጽፈውም ፕረዘንት ፐርፌክትን ነው።

አሠራሩ አያስቸግርም። «በልቻለሁ»ን ብትፈቱት «በልቼ» እና «አለሁ» ነው። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ሁለት ቁራጭ ነው፦ «ሃቭ» እና «ኢትን»። ለ«ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ብቻ «ሃቭ» ወደ «ሃዝ» ይቀየራል።

«አይ ሃቭ ዌንት» የምትሉ ከሆነ፣ የግሡን ሁለተኛ መልክ በሦስተኛው ቦታ አስገብታችኋል። መድኃኒቱ ሦስቱን አንድ ላይ መሸምደድ ነው፦ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ሲ፣ ሶው፣ ሲን። ሌላ አቋራጭ የለውም።

ምልክት፦ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ»

ይሄኛው የሁላችንም በሽታ ነው። መንስኤው አማርኛችን ነው። «ትናንት አይቼዋለሁ» ስንል ማንም አይቆጣንም። የእንግሊዝኛው ፐርፌክት ግን ያለቀ ጊዜ አጠገቡ እንዲቆም አይፈቅድም። የስተርደይ፣ ላስት ዊክ፣ ቱ ዴይስ አጎ ካያችሁ «ሃቭ»ን አውጡትና «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» በሉ። ቱደይ እና ዚስ ዊክ ግን ገና ስላላለቁ ይፈቀዳሉ።

ታዲያ ፐርፌክቱ ምን ይሠራል? በር ላይ ቆማችሁ ዝናብ እየመታችሁ ነው እንበል። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ካላችሁ ቁልፉ አሁንም የለም፣ ውጭ ናችሁ። «አይ ሎስት ማይ ኪ» ብቻ ካላችሁ ግን ጠፋ እንጂ ይገኝ አይገኝ አልነገራችሁንም።

ምልክት፦ «አይ ሊቭ ኢን ጅማ ሲንስ 2010»

እኛ «ከ2010 ጀምሮ ጅማ እኖራለሁ» ስለምንል ነው። ያኔ ተጀምሮ እስከዛሬ የቀጠለ ነገር በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ይባላል። መነሻውን ስትናገሩ «ሲንስ»፣ የቆይታውን ርዝመት ስትናገሩ «ፎር»፦ «ፎር ፋይቭ ይርስ»። በነገራችን ላይ፣ 2010 በኛ አቆጣጠር ከሆነ ለፈረንጅ 2017 ወይም 2018 ነው። ሳትቀይሩ ከነገራችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርላችኋል።

ምልክት፦ «ሃዝ ጎን» ብላችሁ ሰሚው ግራ ሲጋባ

አንድ ተማሪዬ የውጭ እንግዳ ቤቱ ወስዶ ነበር። እናቱ ቄጠማው ላይ ተቀምጠው ቡና እየቀዱ ነው። እንግዳው ስለ እናቱ ጠየቀው። ልጁም «ማይ ማዘር ሃዝ ጎን ቱ አዲስ አበባ» አለ። እንግዳው አንዴ ጀበናውን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።

ልጁ «ሄዳ ታውቃለች» ማለቱ ነበር። «ሃዝ ጎን» ግን ሄዳለች፣ እዚህ የለችም ማለት ነው። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ሐሳቡን በአማርኛ ፈትሹት። «ታውቃለች» ካለበት «ሃዝ ቢን» ነው። «ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተህ ታውቃለህ?» ሲሆን ደግሞ «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን» ብላችሁ ጀምሩ።

ልጁ «ኖ ኖ፣ ሃዝ ቢን!» ብሎ ሲያርም እናቱ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ሁለተኛውን ስኒ አቀበሉት።