የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአራት ቁልፍ

በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሥራ ልምድ፣ የደመወዝ ማረጋገጫ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ክሊራንስ። ለዓመታት የድሮውን ደብዳቤ እከፍትና ስሙን ቀይሬ በሌላ ስም ሴቭ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ስሙን ቀየርኩ፣ ደመወዙን ረሳሁት። ልጁ የሌላ ሰው ደመወዝ የተጻፈበትን ደብዳቤ ይዞ ለቪዛ ቀጠሮው ሄደ። ቀጠሮው ተበላሸበት። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው ቢፍቴክስት (Beeftext) የሚባል ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ነፃ ነው። ጽሑፉን ታስቀምጣላችሁ፣ አጭር ምልክት ትሰጡታላችሁ። ወርድ ላይም ሆነ ኢሜይል ላይ ምልክቷን ስትጽፉ ሙሉው ጽሑፍ ይተካል።

ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት ግን የደብዳቤ ቅጂዎቻችሁን አውጡና እስክሪብቶ ያዙ። በየደብዳቤው የሚለዋወጠውን ብቻ ክበቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው በሚሰጠው የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ላይ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ደመወዙ እንዲገለጽ ይላል። እነዚህ ሦስቱ ክበብ ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጡ።

ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ ግሩፕ ፍጠሩ። የእኔ አራት ናቸው፤ ማስረጃ፣ ፈቃድ፣ ድጋፍ፣ መሸኛ። መደርደሪያው ላይ ካሉት ቦክስ ፋይሎች ጋር አንድ ስለሆኑ ፍለጋ የለም። በየግሩፑ ሥር አዲስ ኮምቦ (ምልክቷና ጽሑፉ አብረው የሚቀመጡበት) ከፍታችሁ ጽሑፉን ለጥፉ።

ምልክት ስትመርጡ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ 11 ብዬ ነበር። የአዋጁን ቁጥር 1156 ብዬ ልጽፍ ስል ሙሉ ደብዳቤ መሃል ላይ ዘረገፈብኝ። አሁን ሁለት እዝባር አስቀድማለሁ፤ //11 የሥራ ልምድ፣ //12 ደመወዝ፣ //21 የዓመት ፈቃድ። ሁሉም ባለ ሁለት አኃዝ ይሁኑ። //1 የሚባል ካለ //11ን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ እሱ ይቀድማል። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ምልክቷ አልታዘዝ ካለች ዊንዶውስና ስፔስን ተጭናችሁ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ።

ዋናው ነገር ክበቦቹ ናቸው። በእያንዳንዱ ክበብ ቦታ «ኢንፑት» የሚባለውን ቫሪየብል (የሚለዋወጠው ነገር የሚተካበትን ምልክት) አስገቡና «የሠራተኛው ስም»፣ «ደመወዝ በአኃዝ» እያላችሁ ሰይሙት። ምልክቷን ስትጽፉ ሣጥን እየከፈተ አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል። ስሙ ደብዳቤው ውስጥ ሁለት ቦታ ቢኖር እንኳ መጠሪያው አንድ ዓይነት ከሆነ አንዴ ብቻ ይጠይቃል። የዚያን ልጅ ደብዳቤ ሳስብ ያ ሣጥን ስንት ነገር ያድን እንደነበር ይታየኛል።

የወንድና የሴት ደብዳቤ ለየብቻ አታዘጋጁ። «ሠርቷል»፣ «ሠርታለች» ውስጥ ከገባችሁ እየተቀላቀለ ያስቸግራል። በአንቱታ ጻፉት፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በድርጅታችን አገልግለዋል»። ለሰውም ክብር ነው። የሚቀየረው አቶ ወይም ወይዘሮ የሚለው ብቻ ነው፤ እሱንም ኢንፑት አድርጉት።

ቀንን በተመለከተ፣ ፕሮግራሙ የራሱ የቀን ቫሪየብል አለው፤ የሚያወጣው ግን የፈረንጆቹን ነው። ከጎኑ ዓ.ም. የሚል ካለ ደብዳቤው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቀኑንም በኢንፑት ጠይቁና በእጃችሁ ጻፉ።

የቆዩ ደብዳቤዎቻችሁ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ከሆኑ ስትለጥፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። ጊዜ አታባክኑ፣ እንደ አዲስ ጻፏቸው። እኔ አሥራ አንዱን በሁለት ከሰዓት ጨረስኩ።

ስትጨርሱ ኤክስፖርት አድርጉና ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ባለፈው ፈቃድ ስወጣ ተተኪዬ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላት፣ የምልክቶቹን ዝርዝር አትሜ ሞኒተሯ ጎን ለጠፍኩላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዴም አልደወለችልኝም።